የመንደሪን ልጣጭና የወይን ፍሬ

እናቴን ራሴ የመረዝኳት መስሎኝ አንድ ሙሉ ቀን ስባዝን ውዬ አውቃለሁ። አንባቢ እንዳይጨነቅ ቀድሜ ልናገር፤ አልመረዝኳትም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ የተነከረበትን ሙቅ ውሃ ፉት እያለች፣ "ደግሞ ምን ትጭሪያለሽ?" እያለችኝ ነው። ደህና ናት። ይህችን ቃል መጻፍ ብቻውን ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ የካውንስል ፍላት፣ ማለትም የቀበሌ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ቀድሜ መጣሁ፤ እናቴ ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለችኝ። እሷም ከመጣች አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከእንግሊዝኛ "ታንክ ዩ" እና "ሶሪ" ታውቃለች፤ አንዳንዴ ታቀያይራቸዋለች። ስለዚህ አፏም ጆሮዋም እኔ ነኝ። የምተዳደረው ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በመሥራት ነው፤ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ። በቋንቋ በኩል ግን ራሴን ሊቅ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። እናቴ በምትሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው፤ ከካውንስል ይሁን፣ ከባንክ ይሁን፣ ከሐኪም። እኔም "እስቲ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ" ስል ድምፄ ችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ ይመስላል።

ከበታችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ቻይናዊት ይኖራሉ። ከሆንግ ኮንግ የመጡ፣ በዕድሜ ከእናቴ ጋር የሚቀራረቡ፣ አጭርና ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር፣ ማለትም በየሳምንቱ፣ ደረጃው ላይ ከእናቴ ጋር ይገናኛሉ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ፣ እናቴ በአማርኛ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመው ያወራሉ። "ምን አወራችሁ?" ስላት "ስለ ጉልበት" ትለኛለች። "በምን ተግባባችሁ?" ስላት ደግሞ "ጉልበቱን የማያመው ሰው አይገባውም" ብላኝ ታልፋለች።

አምና ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እናቴ ምግብ አስጠላት። ሁለት ጉርሻ ትጎርስና "ነፋኝ" ብላ ታቆማለች። ጠዋት ጠዋት አክታ ጉሮሮዋን ይይዛታል። ጂፒዋ፣ ማለትም የሠፈሩ ሐኪሟ፣ አይቷት ክፉ ነገር የለም አለ፤ የሚዋጥ ነገር ሰጠንና ቀስ በቀስ ይሻላታል ብሎ ሸኘን። አልተሻላትም። ቀሚሷ ሰፋት። መጦሪያው ውስጥ ስንቱን አዛውንት ሳጎርስ ውዬ ቤት ስገባ የገዛ እናቴን ማጉረስ አቃተኝ፤ ይህ ያናድደኝም ያስለቅሰኝም ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማ አዩዋት። በማግስቱ በራችንን አንኳኩ። በእጃቸው የቆዳ ቁራጭ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነገር የሞላበት ጠርሙስ ይዘዋል።

"የመንደሪን ልጣጭ ነው" አሉኝ፣ እንደኔው በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ሲቆይ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ይሄ ስምንት ዓመቱ ነው። ምግብ ለማይወርድለት፣ አክታ ለሚበዛበት። በእኛ አገር የባህል ሐኪም ያዘዋል፤ ሐኪም ከሌለ እናት ታዘዋለች።"

እናቴ ጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጌታን ካገኘች ጀምሮ የባህል መድኃኒት ሲባል ጆሮዋ ይቆማል።

"ጠይቂልኝ" አለች። "የሚደገምበት ነገር አለው?"

አፈርኩ። ድግምትን በእንግሊዝኛ፣ ያውም ደግ አስበው ለመጡ ጎረቤት፣ እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? "በላዩ ላይ የሚባል ጸሎት አለው ወይ?" አልኳቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና "ጸሎት አያስፈልገውም፤ የፈላ ውሃ ይበቃዋል" አሉ። ስተረጉምላት እናቴ ሳቀች። ከዚያ ለማንኛውም ብላ እጇን ጠርሙሱ ላይ ጫነችና ራሷ ጸለየችበት። ጎረቤታችንም ዐይናቸውን ጨፍነው እስክትጨርስ ጠበቋት።

አሠራሩን ኩሽናችን ውስጥ ቆመው አሳዩን። አንድ ልጣጭ ያወጣሉ፤ በእጃቸው ይቆራርሱታል፤ በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ለቅለቅ አድርገው ኩባያ ውስጥ ይጨምሩታል። ስስ የዝንጅብል ቁራጭ ያክሉበታል፤ የፈላ ውሃ ያፈሱበትና በሾርባ ሳህን ይከድኑታል። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። የሚጠጣው ምግብ ከተበላ በኋላ ነው። እናቴ እጇን ወደ ስኳሩ ስትሰድ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ያዙትና መለሱት። እናቴን እንዲህ የሚያዛት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዝም ብላ ታዘዘች።

እኔም ቀመስኩት። መጀመሪያ ይመራል፤ ከዋጡት በኋላ ግን ምላስ ሥር የሚጣፍጥ ነገር ይቀራል። ሽታው ቁምሳጥን ውስጥ ተረስቶ የከረመ ብርቱካን ዓይነት ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ኩባያ ጨርሳ ጥቂት ቆየችና ረጅም ግሳት አገሳች። "ተመስገን" አለች። ጎረቤታችን ቃሉን ባያውቁትም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጣጩ ይሁን ጊዜው፣ ወይም ሐኪሙ እንዳለው ቀስ በቀስ መሆኑ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ድስቱን ባዶ ማግኘቴን ነው። ባዶ ድስት እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ራሷ ልጣጭ ማድረቅ ጀመረች። መንደሪኑ ሲላጥ ልጣጩ ሦስት ቅጠል ሆኖ ግንጩ ላይ እንደተያያዘ መውጣት አለበት፤ ጎረቤታችን ይህን በቢላ አስተማሯት። ከዚያ ራዲያተር ላይ፣ ከዚያ በክር ተሰክቶ መስኮት ላይ። ካልሲ ማድረቂያ ቦታ አጣሁ። ግን እናቴ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጠጣ ነገር ስታሰጣ እያየሁ ስለ ካልሲ አልከራከርም።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ከወንበር ተነሣች፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ዞረብኝ" አለች። ደግፌ አስተኛኋት፤ ውሃ ሰጠኋት፤ ቀለሟ ተመለሰ። ጂፒው ጋ ደውዬ ከሰዓት በኋላ ነርስ እንድታያት ቀጠሮ ያዝኩ፤ እንደገና ካዞራት አምቡላንስ እንድጠራ ነገሩኝ። ሥራ ደውዬ አልመጣም አልኩ። ከጎናችን ካለው ብሎክ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችልኝ።

ያን ጊዜ ማሰብ ጀመርኩ። እናቴ ለደም ግፊትና ለኮሌስትሮል ሁለት ዓይነት ኪኒን ትወስዳለች፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ናቸው። በቤታችን አዲሱ ነገር ልጣጩ ብቻ ነው። ኪኒን የሚወስድ ሰው ሌላ ነገር ሲጨምር ለፋርማሲስት መንገር እንዳለበት መጦሪያው ውስጥ ስንት ጊዜ ተነግሮኛል፤ እኔም ለሌሎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ለእናቴ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ወረድኩ። በሩን ባንኳኳ መልስ የለም። በመተላለፊያው በኩል ባለው የኩሽና መስኮት አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የልጅ ራስ የሚያህሉ ሦስት ቢጫ ፍሬዎች፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎባቸው፣ ከልጣጭ ጠርሙሶቹ ጎን ተደርድረዋል። ምን እንደሆኑ አላወቅኩም፤ ጠርሙሱን እንደያዝኩ ወደ ፋርማሲው ሮጥኩ።

ፋርማሲስቱ ትሑት ሰው ነው። ልጣጩን አሸተተ፤ የእናቴን ኪኒኖች ኮምፒውተሩ ላይ አየ፤ "የምን ልጣጭ ነው?" አለኝ።

"መንደሪን ነው ያሉኝ። ግን ቤታቸው እንዲህ የሚያህል ቢጫ ፍሬ አይቻለሁ" አልኩት በእጄ እያሳየሁ።

"እሱ ፖሜሎ ነው። ከሱ የተሠራ ከሆነ ጥሩ አይደለም፤ የግሬፕፍሩት ዘመድ ነው። ከነዚህ ኪኒኖች ጋር ግሬፕፍሩት እንደማይወሰድ እናትዎ ያውቃሉ አይደል?"

"በደንብ ነዋ" አልኩት። እንደዚያ ፈርቼም ኩራቴ አልለቀቀኝም። "ዐሥራ አንድ ዓመት ወይን በአፏ ዞሮ አያውቅም። ዘቢብ እንኳ ከዳቦ ውስጥ ለቅማ ታወጣለች።"

ፋርማሲስቱ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። "ወይን አላልኩም" አለ ቀስ ብሎ። "ግሬፕፍሩት ነው ያልኩት።"

ነገሩ የሆነው እናቴ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከኪኒኑ ጋር የመጣውን፣ ስምንት ጊዜ የተጣጠፈ ወረቀት አውቶቡስ ውስጥ ዘርግቼ አነበብኩላት። ግሬፕ ወይን ነው፤ ፍሩት ፍሬ ነው፤ ምን ይከብዳል? "የወይን ፍሬ በአፍሽ እንዳይዞር ይላል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ" አልኳት። ቤት ስንደርስ ኪኒኖቿን በምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ በወፍራም ማርከር "የወይን ፍሬ ክልክል ነው" ብዬ ጻፍኩበት። ግሬፕፍሩት የሚባል፣ ከብርቱካን የሚተልቅ መራራ ፍሬ መኖሩን በኋላ አወቅሁ፤ ስሙንም ለመድኩት። ወረቀቱን ግን ተመልሶ ያነበበ የለም። ክዳኑ ላይ ያለው አማርኛ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይጠይቃል? ይባስ ብሎ ሙቀት በበዛባቸው ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ የግሬፕፍሩት ጭማቂ ገዝቼ "ጠጪ፣ ለጤና ጥሩ ነው" እያልኩ በእጄ አስጠጥቻታለሁ።

ይህን ለፋርማሲስቱ ስነግረው ወንበር አመጣልኝ። ያ አልፏል አለ፤ በየጊዜው ደሟ ሲመረመር ስለኖረ ችግር ቢኖር ይታይ ነበር። ከኪኒኖቿ ጋር የማይሄዱት ግሬፕፍሩት፣ ፖሜሎና ማርማላታ የሚሠራበት መራራው ብርቱካን ናቸው፤ ተራ መንደሪን ከነሱ ውስጥ የለበትም። ልጣጩ የምን እንደሆነ እንዳረጋግጥ፣ ጠርሙሱንም ለነርሷ እንዳሳያት ነገረኝ። ከፋርማሲው እስከ ቤታችን ስምንት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በዚያች ስምንት ደቂቃ ለቀብሯ ለማን ለማን እንደምደውል ሳይቀር አሰብኩ።

ጎረቤታችን የሚጎተት የገበያ ቦርሳቸውን ይዘው በራቸው ላይ አገኘኋቸው። እንግሊዝኛዬ ጠፍቶብኝ የሆነውን ያልሆነውን ቀባጠርኩ። ከዚያ እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ መሳቢያ ከፈቱና የኪኒን ፓኮ አወጡ። የእናቴ ኪኒን ነው፤ ያው ስም፣ ያው ሣጥን።

"እኔም እወስደዋለሁ" አሉ። "የመጀመሪያው ቀን፣ አንቺ ሥራ ከሄድሽ በኋላ፣ እናትሽ ቆርቆሮዋን ከፍታ አሳየችኝ። እኔ አሳየኋት። አንድ ዓይነት ነው። ትልቁ ፍሬ ለአዲስ ዓመታችን ነው፤ ለጠረጴዛ። አየዋለሁ፣ ከዚያ የልጄ ቤተሰቦች ይበሉታል። እኔ አልቀምሰውም። ልጣጩንም አላደርቀውም።"

ጠርሙሱን ገለበጡትና ልጣጮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ሁሉም ስስ ናቸው፤ ሁሉም ሦስት ቅጠል ናቸው። ከጎኑ ወፍራሙን ቢጫ ፍሬ አኖሩት፤ ማንም ዐይን ያለው ሰው ይለየዋል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ሁለቱ ሴቶች ያለ እኔ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ ክዳኑን ሳይሆን ኪኒኑን አይተው ተግባብተዋል። አስተርጓሚዋ ብቻ ነኝ የሳትኩት።

"በቻይንኛ ግሬፕፍሩት ማለት የምዕራብ ፖሜሎ ማለት ነው" አሉኝ። "በእናንተስ ምን ይባላል?"

እኔ እንዴት ብዬ እንደተረጎምኩት ነገርኳቸው። ጠረጴዛውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቁ መሀል ለቅሶ መጣብኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ የእናቴን ግፊት ተቀምጣም ቆማም ለካች፣ ደም ቀዳች፣ ከዚያ "ጠዋት ምን በሉ?" ብላ ጠየቀች። ስተረጉምላት እናቴ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

"እማዬ፣ ምን በላሽ?"

"ጾም ጸሎት ላይ ነን" አለች። "ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጾም ለጌታ እንጂ ለልጅ አይነገርም።"

ኪኒኑን በባዶ ሆዷ፣ ያለ በቂ ውሃ፣ ሦስት ቀን ወስዳለች። ነርሷ ከዚህ በኋላ ስትጾም አስቀድማ እንድታማክር፣ ውሃም እንዳትተው ነገረቻት። ልጣጩን አይታ፣ ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰችና በቀን አንድ ኩባያ ግድ የለም አለች፤ መዝገቧም ላይ ጻፈችው። የደሙ ውጤት ዓርብ መጣ፤ ሁሉም ደህና ነው። ስልኩን ዘግቼ "እፎይ" አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ብቻዬን፣ ሁለት ጊዜ።

የዚያኑ ዕለት ጉዴን ነገርኳት። እናቴ ድስት ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። ግሬፕፍሩት ወይን እንዳልሆነ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ወይንም ዘቢብም ድሮውንም ችግር እንዳልነበራቸው አስረዳኋት። ዕድሜ ልኬን የማይረሳ ፉገራ ይወርድብኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እናቴ ምድጃውን አጠፋችው።

"ታዲያ ጽዋውስ?" አለች።

"የምን ጽዋ?"

በየወሩ መጀመሪያ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ የጌታ እራት አለ። ኅብስቱ ይዞራል፤ ከዚያ በትንንሽ ኩባያ የወይን ጭማቂ ይዞራል። እናቴ ኅብስቱን ትወስዳለች፤ ጽዋው ሲመጣ ታሳልፋለች። እኔ እሑድ ሥራ ላይ ነኝ፤ አላየሁም። ዐሥራ አንድ ዓመት።

"አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ እኛ ቤት ድረስ መጥተው ነበር" አለች። "የተቀየምሽው ሰው አለ ወይ፣ በልብሽ የያዝሽው ኃጢአት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። መድኃኒት ነው ብል፣ በእምነት ጠጪው የሚል ሰው አይጠፋም። ዝም አልኩ።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ አንብበሽ ነው ክልክል ያልሽው።"

አንድም የወቀሳ ነገር በድምፅዋ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ከወለሉ ላይ ያነሣኋት ዕለት እንኳ እንዲህ አላመመኝም። "ይቅር በዪኝ" አልኳት። "እሑድ መጠጣት እችላለሁ?" አለችኝ። ትችያለሽ አልኳት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ምድጃውን መልሳ አቀጣጠለችው።

እሑድን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ የተከራየችው አዳራሽ ውስጥ፣ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ኅብስቱ ዞረ። ከዚያ ጽዋውን የምታዞረው እህት ትሪውን ይዛ በእኛ ረድፍ መጣች። እናቴ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ፈገግ አለችላትና ትሪውን አሳልፋ ወደ እኔ ዘረጋችው። እናቴ የትሪውን ጠርዝ ያዘች። እህቲቱ ግራ ገብቷት ቆመች። እናቴ አንዷን ትንሽ ኩባያ አነሣች፤ መጋቢው "ጠጡ" እስኪሉ ድረስ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ጠጣች። ብዙ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ቆየች፤ እኔ የያዝኩትን መጠጣት ረስቼ እሷን ነበር የማየው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ጣፋጭ ነው ለካ" አለችኝ። "ረስቼው ነበር።"